‹‹አየሁ›› የሚለው ቃል ምን ያህል ይመዝናል? መንፈሳዊ ገጠመኝን እንደ ማስረጃ የመመርመር መንገድ

በአማርኛ ‹‹ምስክርነት›› የምንለው ቃል ሁለት ቤት አለው፤ አንደኛው ፍርድ ቤት፣ ሁለተኛው የጸሎት ቤት። በፍርድ ቤት ምስክሩ ይምላል፣ ያየውን ይናገራል፣ ከዚያም የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ተነሥቶ መስቀለኛ ጥያቄ ያቀርብለታል፤ የት ቆመህ አየህ፣ ብርሃን ነበረ ወይ፣ ከተከሳሹ ጋር ቂም አለህ ወይ ይለዋል። በጸሎት ቤት ግን ምስክሩ ተናግሮ ሲጨርስ እልልታ ይከተላል፤ ልጠይቅ ብሎ የሚነሣ ሰው ቢኖር እንደ ከሃዲ ወይም እንደ ባለጌ ይቆጠራል። ይህ መመሪያ የተጻፈው የመጀመሪያውን ቤት ጥንቃቄ ወደ ሁለተኛው ማስገባት ይቻላል፣ ቢገባም እምነትን አያዋርድም በሚል ሐሳብ ነው። አንባቢው የራሱ ገጠመኝ ያለው ምእመን ሊሆን ይችላል፤ የእናቱን ወይም የጓደኛውን ገጠመኝ ሰምቶ ምን እንደሚመልስ የተቸገረ ተጠራጣሪም ሊሆን ይችላል። መንገዱ ለሁለቱም አንድ ነው።

አቋሜን ከመነሻው ላስቀምጥ። የግል መንፈሳዊ ገጠመኝ ማስረጃ ነው። ‹‹ስሜት ብቻ ነው›› ብሎ ከመዝገቡ ማውጣት አግባብ አይደለም፤ ስለ ዓለም የምናውቀው ነገር ሁሉ ሥሩ ሲቆፈር የአንድ ሰው ማየት፣ መስማት ወይም መዳሰስ ላይ ይደርሳልና። ይሁን እንጂ ማስረጃ ሌላ፣ ማረጋገጫ ሌላ ነው፤ ማስረጃ በቀረበ ቁጥርም ‹‹የምን ማስረጃ?›› ተብሎ መጠየቅ አለበት። አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ገጠመኝን ከመቀበል ሳይሆን፣ ለጠባብ ነገር ማስረጃ የሆነውን ገጠመኝ ለሰፊ ነገር ከማቅረብ ነው። ሌሊት በጸሎት ላይ ሳለ ልቡ በድንገት በሰላም የተሞላ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ‹‹የእኔ ሃይማኖት ብቻ እውነት እንደሆነ አወቅሁ›› ቢል፣ ከሰላሙ እስከ መደምደሚያው ያለውን ረጅም መንገድ በአንድ ዝላይ አልፎታል።

አስቀድሞ መጻፍ

ገጠመኙ የራስዎ ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ መተርጎም ሳይሆን መጻፍ ነው፤ ያውም ለማንም ሳይናገሩ፣ ቢቻል በዚያው ሰዓት። ታሪክ በተነገረ ቁጥር ይለወጣል፤ አድማጭ የተደነቀበት ክፍል ይሰፋል፣ ያልተደነቀበት ይጠፋል፣ ኋላ የሆነ ነገር ወደ ፊት መጥቶ ይቀላቀላል። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመሰክረው ሰው ውሸታም አይደለም፤ ነገር ግን የሚያስታውሰው የደረሰበትን ሳይሆን ባለፈው ጊዜ የተናገረውን ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የምወደው የፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ የብሌዝ ፓስካል ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1654 ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ድረስ ሕይወቱን የለወጠ ነገር ደረሰበት፤ የደረሰበትንም በወረቀት ላይ አሰፈረ። ወረቀቱ በዓመተ ምሕረቱ ይጀምራል፤ ዕለቱ ሰኞ መሆኑን፣ የየትኛው ቅዱስ በዓል እንደሆነ፣ ሰዓቱ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ይዘረዝራል። ከዚያ በአንድ መስመር ላይ ብቻውን ‹‹እሳት›› የሚል ቃል ተቀምጧል። ቀጥሎ ‹‹የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብ አምላክ፤ የፈላስፎችና የሊቃውንት አይደለም›› ይላል፤ ከዚያም እርግጠኝነት፣ ደስታ፣ ሰላም የሚሉ ቃላት ይከተላሉ። ፓስካል ጽሑፉን በልብሱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ ይዞት ኖረ፤ የተገኘውም በ1662 ከሞተ በኋላ ነው።

በዚህ ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ቃላት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሰዓቱ፣ እሳቱ፣ ደስታው የደረሰበት ነገር ነው። ‹‹የአብርሃም አምላክ›› የሚለው ግን ከመጽሐፍ የሚያውቀው፣ ለደረሰበት ነገር የሰጠው ስም ነው። ፓስካል ቢጠየቅ ሁለቱ ሳይነጣጠሉ አንድ ላይ መጡ ይል ይሆናል፤ ሐቀኛ መልስም ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ለመመርመር ስንቀመጥ የደረሰውንና ስሙን መለየት ግድ ይለናል፤ ምርመራውን የሚቋቋመው አንደኛው ብቻ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ በደብተርዎ ገጽ መካከል አግድም መስመር ያስምሩ። ከመስመሩ በላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ተኝተው ወይም ቆመው ወይም ተንበርክከው እንደነበር፣ የታየዎትን ወይም የሰሙትን በተራ ቃል፣ ምን ያህል ደቂቃ እንደቆየ ይጻፉ። ሰው ሊተዋቸው የሚወዳቸውን ዝርዝሮችም አይዝለሉ፤ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ፣ ስንተኛው የጾም ቀን እንደነበር፣ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ፣ ጫት ቅመው ከነበረ፣ በቅርቡ ኀዘን ደርሶብዎት ከሆነ፣ በዚያ ሳምንት ምን እንዲሆንልዎ አጥብቀው ሲመኙ እንደነበር። ከመስመሩ በታች ደግሞ ነገሩ ምን ይመስለኛል የሚለውን ይጻፉ። የታችኛው ክፍል ከዓመት በኋላ ሊለወጥ ይችላል፤ የላይኛው መለወጥ የለበትም።

ይህ አሠራር ለሃይማኖት ባዕድ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው በፈሪሳውያን ፊት ቀርቦ፣ የፈወሰህ ሰው ኃጢአተኛ ነው ባሉት ጊዜ የሰጠው መልስ ‹‹ኃጢአተኛ መሆኑን አላውቅም፤ ዕውር እንደ ነበርሁ አሁንም እንዳይ ይህን አንድ ነገር አውቃለሁ›› የሚል ነበር። ወላጆቹም ሲጠየቁ ልጃቸው እንደሆነ፣ ዕውር ሆኖ እንደተወለደም መሰከሩ፤ አሁን እንዴት እንደሚያይ ግን አናውቅም አሉ። እርግጥ የወላጆቹን አፍ የዘጋው ከምኩራብ የመባረር ፍርሃት እንደነበረ ወንጌሉ ራሱ ይነግረናል። ሰውየውም በዚያው ምዕራፍ ስለ ፈዋሹ ‹‹ነቢይ ነው›› ብሏል። ያም ሆኖ በእነዚህ መልሶቻቸው ሦስቱም ካወቁት ነገር አልፈው አንድ ቃል አልመሰከሩም።

‹‹ነገሩ ባይኖርስ ይመጣ ነበር?››

የምርመራው ወገብ ይህ ጥያቄ ነው። ያመንሁት ነገር እውነት ባይሆን ኖሮ ይህ ገጠመኝ ሊደርስብኝ ይችል ነበር ወይ? መልሱ ‹‹በቀላሉ›› ከሆነ የገጠመኙ ክብደት ትንሽ ነው፤ ‹‹በጭራሽ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አይደርስም ነበር›› ከሆነ ክብደቱ ትልቅ ነው።

የጌዴዎን ታሪክ ይህንን በሁለት ሌሊት ያሳያል። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው በመጀመሪያው ሌሊት በአውድማው ላይ የተባዘተ የበግ ጠጕር አኖረ፤ ጠል በጠጕሩ ላይ ብቻ እንዲወርድ ምድሩም ደረቅ እንዲሆን ለመነ፣ እንዳለውም ሆነ፤ ሲጨምቀው አንድ ቆሬ ሙሉ ውኃ ወጣ። ነገር ግን የበግ ጠጕር እርጥበት ይይዛል፤ መሬት በደረቀ ሰዓት ጠጕሩ እርጥብ ሆኖ መገኘቱ ያለ ተአምርም ሊታሰብ ይችላል። በሁለተኛው ሌሊት ተቃራኒውን ለመነ፤ ጠጕሩ ደረቅ ይሁን፣ ምድሩ ሁሉ ይርጠብ አለ። ጌዴዎን ይህን ያሰበው እንደ እኔ ስለ ጠጕር ባሕርይ ተጨንቆ ይሁን አይሁን ጽሑፉ አይናገርም፤ ሆኖም ሁለተኛው ልመና ከመጀመሪያው እጅግ የጠነከረ ፈተና ነው፤ የነገሩ የራሱ ተፈጥሮ የማያመጣውን ይጠይቃልና።

አሁን ጥያቄውን ብዙ ሰው በሚያውቀው ገጠመኝ ላይ እናሳርፈው። ሰው ንጋት ላይ ይነቃል፤ ዐይኑ ተገልጧል፣ ክፍሉን ያያል፣ ነገር ግን ጣቱን ማንቀሳቀስ አይችልም። ደረቱ ላይ ክብደት ይሰማዋል፣ በበሩ በኩል አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር እንደቆመ በእርግጠኝነት ያውቃል። ዱካክ የምንለው ይህ ነው። አካላዊ መንገዱም የታወቀ ነው፤ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻዎችን ያስራል፤ አንዳንድ ጊዜ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ማሰሪያው ሳይፈታ ይቀራል፣ ሕልሙም ሳይጠፋ በነቃው ክፍል ውስጥ ይቀጥላል። የሚመጣው እንግዳም የየአገሩን መልክ ይይዛል፤ አንዱ ሰይጣን ነው ይላል፣ አንዱ ጂኒ፣ አንዱ የሞተ ዘመድ። እንግዳው በክፍሉ ባይኖርም ገጠመኙ እንዲሁ ይመጣልና፣ ‹‹ሰይጣን ደረቴ ላይ ተቀመጠ›› የሚለው ምስክርነት ለደረት ክብደት ጥሩ ማስረጃ፣ ለሰይጣን ግን ደካማ ማስረጃ ነው።

ኀዘንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ደዊ ሪስ የተባለ ሐኪም በዌልስ ባሎቻቸው ወይም ሚስቶቻቸው የሞቱባቸውን 293 ሰዎች ጠይቆ ባወጣው ጥናት ግማሽ ያህሉ የሞተው የትዳር ጓደኛቸው አብሯቸው እንዳለ ተሰምቷቸው ወይም አይተውት ወይም ድምፁን ሰምተው እንደነበር ተናግረዋል፤ ብዙዎቹም ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። ከዚህ የምንወስደው አንደኛ ነገር፣ ባሏ ከሞተ በኋላ አልጋዋ ዳር ተቀምጦ ያየችው ሴት አእምሮዋ አልታመመም። ሁለተኛው ደግሞ፣ ይህ ያዘነ ልብ በብዛት የሚያደርገው ነገር በመሆኑ ከመቃብር በኋላ ስላለው ሕይወት ለብቻው ብዙ አይናገርም። ሁለተኛውን በለቅሶ ቤት መናገር ግን አያስፈልግም፤ ምርመራም ሰዓት አለው።

ከዚህ ተነሥቶ ‹‹እንግዲያው ሁሉም የአንጎል ሥራ ነው፣ ተረት ነው›› የሚል ሰው ግን በሌላው ጫፍ ይወድቃል። ቡና ሲቆላ ሽታው የሚታወቀን በአንጎላችን ነው፤ ይህ ማለት ማጀት ውስጥ ቡና አልተቆላም ማለት አይደለም። አንድ ገጠመኝ በአንጎል ውስጥ መንገድ እንዳለው ማሳየት ብቻውን ከመንገዱ ማዶ ማንም የለም አያሰኝም። የካናዳው ተመራማሪ ማይክል ፐርሲንገር ደካማ መግነጢሳዊ መስክ የሚፈጥር የራስ ቁር አዘጋጅቶ፣ ቁሩን ያጠለቁ ሰዎች በአጠገባቸው የሌላ አካል መኖር እንደሚሰማቸው ሲናገር ዜናው በዓለም ተናኘ፤ ‹‹እግዚአብሔር በመግነጢስ ተሠራ›› የተባለ ያህል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን በስዊድን በፔር ግራንክቪስት የተመሩ ተመራማሪዎች፣ መግነጢሱ መቼ እንደበራ ተሳታፊውም አስፈጻሚውም በማያውቁበት አኳኋን ሲፈትኑት መግነጢሱ ለውጥ አላመጣም፤ ልዩነቱ የታየው ሰዎቹ በተጠቆመላቸው ነገር በቀላሉ የመመራት ዝንባሌ ላይ ነበር። ምእመንን ስለ ችኮላው የሚወቅስ ሰው ራሱም ለሚስማማው ዜና እንዳይቸኩል ይህን ማስታወስ ይጠቅመዋል።

የማኅፀን ልጅ ማየትን እንደማያውቅ ሁሉ እኛም የማናውቀው ሌላ የማወቂያ ስሜት ሊኖር ይችላል የሚሉም አሉ። ይቻላል። ነገር ግን የቡናው ነገር የሚለየው ማጀት ገብተን ምጣዱን ማየት ስለምንችል ነው፤ መንፈሳዊ ገጠመኝ የሚጎድለው ይህ ማጀት ነው። ስለዚህ በተቻለ መጠን ማጀቱን መፈለግ አለብን፦ ገጠመኙ አስቀድሞ ያልታወቀ፣ በኋላ ሊጣራ የሚችል ነገር ተናግሯል ወይ?

ያልተነገረውን መቁጠር

ጥንታዊው ሮማዊ ጸሐፊ ሲሴሮ ስለ ዲያጎራስ የጻፈው ጨዋታ አለ። ዲያጎራስ በአማልክት የማያምን ግሪካዊ ነበር። በሳሞትራቄ ደሴት ወዳጁ፣ ተስለው ከባሕር ማዕበል የዳኑ ሰዎች በቤተ መቅደስ የሰቀሏቸውን ብዙ ሥዕሎች እያሳየ ‹‹አማልክት ሰውን አያስቡም የምትል አንተ ይህን ሁሉ አታይምን?›› አለው። እርሱም፣ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር የጠፉት ሥዕላቸው የትም አልተሰቀለም ሲል መለሰ።

በጠበል ቦታም፣ በፈውስ ስብሰባም፣ በቴሌቪዥን አገልግሎትም የምንሰማው የዳነውን ነው። ያልዳነው በዝምታ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ አንዳንዱም እምነቴ ቢያንስ ነው ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ስለዚህ አንድ ምስክርነት ሲሰሙ ‹‹ስንት ሰው እንዲሁ ጸለየ፣ ከነዚያስ ስንቱ ምን ሆነ?›› ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱ ባይገኝም ጥያቄው ራሱ የምስክርነቱን ክብደት ያስተካክላል።

በራሴ ቤት ያየሁትን ልናገር። አክስቴ ጥርሷ ሲወልቅ በሕልሟ ባየች በሦስተኛው ቀን፣ ሪያድ በቤት ሠራተኛነት ያለችው ልጇ ታማ ሆስፒታል መግባቷን የሚናገር ስልክ መጣ። ከዚያ ወዲህ ‹‹የእኔ ሕልም አይዋሽም፣ ልጄ›› ትላለች። መከራከሩን ትቼ ደብተርና እስክሪብቶ ገዛሁላት፤ ከራስጌዋ አስቀምጣ ጠዋት ጠዋት፣ ማንም ሳይደውል፣ እንድትጽፍ ተስማማን። በሰባት ወር ውስጥ ጥርስ አራት ጊዜ ወለቀ። ሦስቱን ጊዜ በዘመድ ላይ ምንም አልደረሰም። በአራተኛው አንዲት የሰፈር ሴት አረፉ፤ አክስቴ ‹‹ይኸው!›› አለች፣ እኔ ደግሞ ጎረቤት ዘመድ አይደለም አልኳት፤ ቡናው እስኪፈላ ተከራከርንበት። የተማርሁት ነገር ቢኖር፣ ምን ቢሆን ሕልሙ ደረሰ እንደሚባል አስቀድሞ ካልተወሰነ በሰፊ ሰፈር ውስጥ የማይደርስ ሕልም እንደሌለ ነው። በማግሥቱ አክስቴ በደብተሩ ሽፋን ላይ በራሷ እጅ ‹‹ጥርስ ለሥጋ ዘመድ ብቻ፣ እስከ አንድ ሳምንት›› ብላ ጻፈች። ከብዙ የፍልስፍና መምህር የተሻለ ሕግ አውጥታለች።

የማየት መብትና የስሞቹ ብዛት

ለገጠመኝ ከቆሙት ጠበቆች መካከል ጠንካራው የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ሪቻርድ ስዊንበርን ነው። ክርክሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ ነገር እንደሚታይህ ነው ብለህ የመቀበል መብት አለህ፤ እንዲጠረጠር የሚያደርግ ልዩ ምክንያት ካልቀረበ በቀር። ይህን መብት ለሃይማኖት ብቻ ብንነፍግ አድልዎ ነው፣ ለሁሉም ብንነፍግ ደግሞ ጠረጴዛና ወንበሩንም አናምንም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም አልስተንም እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ ተመሳሳይ ሐሳብ አዳብሯል፤ ዐይናችንን እንድናምን የሚያስችለን ዐይናችን ራሱ ነውና፣ ከዐይን ውጭ የቆመ ማረጋገጫ የለንም ይላል።

ይህን ክርክር ያለ ማንገራገር እቀበለዋለሁ፤ ‹‹ልዩ ምክንያት ካልቀረበ›› የሚለውን ግን ከልብ እወስደዋለሁ። ትልቁ ልዩ ምክንያት የስሞቹ ብዛት ነው። በላሊበላ የምትጸልይ ሴት እመቤታችንን ታያለች፤ በሕንድ አገር በቭሪንዳቫን የምትጸልይ ሴት የሂንዱዎችን አምላክ ክሪሽናን ታያለች፤ በተቃራኒው ሲሆን እምብዛም አንሰማም። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1748 ተአምራትን በሚመለከት ባቀረበው ክርክር፣ የተለያዩ ሃይማኖቶች ምስክሮች እርስ በርሳቸው እንደሚሻሩ ጽፏል። እኔ ሙሉ በሙሉ ይሻራሉ አልልም። አሥር ሰዎች ከመንገድ አደጋ በኋላ የመኪናውን ቀለም በአሥር ዓይነት ቢናገሩ መኪና አልነበረም አይባልም፤ የሚሻረው ቀለሙ ነው። እንደዚሁ ከስሞቹ ልዩነት ሥር የሚተርፍ የጋራ ነገር ካለ፣ ከራስ የሚበልጥ ነገር ፊት የመቆም ስሜት ለምሳሌ፣ የጋራ ምስክርነቱ ለእርሱ ይቆጠራል። ዳሩ ግን ይህ የተረፈው ቀጭን ነው፤ የጾም ሥርዓት፣ የመጽሐፍ ቁጥር ወይም የአንድ ጉባኤ ትምህርት አይሸከምም። ለእነዚያ ሌላ ማስረጃ መፈለግ የምእመኑ የቤት ሥራ ነው።

የሌላ ሰው ገጠመኝ ሲቀርብ

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1651፣ አንድ ሰው እግዚአብሔር በሕልም ተናገረኝ ቢል እግዚአብሔር እንደተናገረው ሕልም አየሁ ከማለት አያልፍም ብሏል። የፖለቲካ ጸሐፊው ቶማስ ፔን ደግሞ መገለጥ ለተገለጠለት ሰው ብቻ መገለጥ ነው፣ ለሌላው ሁሉ ወሬ ነው ይላል፤ በእኛ ቋንቋ የስሚ ስሚ ማለት ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋና የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስ ለዘብ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1901 እና 1902 በኤደንብራ ባቀረባቸው ትምህርቶች፣ እንዲህ ያለ ገጠመኝ ለደረሰበት ሰው ሥልጣን አለው፣ የመኖርም መብት አለው፤ ላልደረሰበት ሰው ግን ሳይመረምር እንዲቀበል የሚያስገድድ ግዴታ አይጥልም ሲል ደመደመ። ለእኔ ከሦስቱ የጄምስ ፍርድ ሚዛኑን የጠበቀ ይመስለኛል፤ ሆብስና ፔን ግን ሐቀኛ ምስክር ቃሉ ጥቂትም ቢሆን እንደሚመዝን ረስተዋል።

ስለዚህ ሲነገርዎት አይሳቁ፣ አይሟገቱም፤ በአክብሮት ይጠይቁ። ከሁሉ የሚጠቅመው ጥያቄ አንድ ነው። በአማርኛ ‹‹እግዚአብሔር ተናገረኝ›› ወይም ‹‹ጌታ ተናገረኝ›› የሚለው አነጋገር በጆሮ የተሰማ ድምፅንም፣ በልብ ያደረ ሐሳብንም፣ በንባብ ላይ ዐይን ውስጥ የገባ ጥቅስንም፣ ሰባኪ የተናገረውንም ቃል፣ ሕልምንም ይሸፍናል። አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ሰምቼ ‹‹እማማ፣ ድምፁን በጆሮዎ ነው የሰሙት ወይስ በልብዎ?›› ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ‹‹ኧረ በልቤ ነው፣ ልጄ፤ በጆሮዬማ ብሰማ በድንጋጤ እሞት ነበር›› አሉኝ። ምስክርነቱ አልፈረሰም፣ ማንም አልተዋረደም፤ አብረውን የተቀመጡት ሰዎች ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሲያስቡ የነበረው በጆሮ የተሰማ ድምፅ ነበር።

ምስክርነቱ ሦስተኛ ሰው የሚጎዳ ከሆነ ጥያቄው መጥበቅ አለበት። በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓት ነበር፤ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ራሱን ሲስት፣ በወገቡ በታሰረ መቀነት እየተያዘ ይንገዳገድና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል፣ የጠፋውን ዕቃ እንዲከፍልም ይደረግ ነበር። ልጁ ምናልባት አልዋሸም። ጥፋቱ የልጁን መሳት በማስረጃነት የተቀበሉት ሰዎች ‹‹ይህ ቤት የሌባ ባይሆን ልጁ እዚህ ሊወድቅ አይችልም ነበር ወይ?›› ብለው አለመጠየቃቸው ነው። ዛሬ በሕልም ወይም በትንቢት ‹‹ድግምት ያሠራችብህ የአጎትህ ሚስት ናት›› ሲባል የሚፈርሰው ዝምድና ከዚያ አይለይም።

ሃይማኖቶቹ ራሳቸው ያላቸው ሚዛን

መመርመር ከውጭ የመጣ ነገር ተደርጎ መወሰዱ ይገርመኛል። የዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 4 ‹‹መንፈስን ሁሉ አትመኑ፥ ነገር ግን መናፍስት ከእግዚአብሔር ሆነው እንደ ሆነ መርምሩ›› ይላል። በእስልምና ሐዲስ ሕልም በሦስት ይከፈላል፤ ከአላህ የሆነ የምሥራች፣ ከሸይጧን የሆነ ማስጨነቂያ፣ ሰው ከራሱ ጋር ሲነጋገርበት የዋለው ሐሳብ። ሦስተኛው ክፍል ዛሬ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊለው የሚችለውን ነው የሚናገረው። በግብፅ በረሃ መነኮሳት ዘንድ የሚነገረው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ለአንድ መነኩሴ ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ ተገለጠና ‹‹እኔ ገብርኤል ነኝ፣ ወደ አንተ ተልኬአለሁ›› አለው። መነኩሴውም ‹‹ወደ ሌላ ሰው ተልከህ እንዳይሆን ተመልከት፤ እኔ መልአክ ሊላክልኝ የሚገባኝ አይደለሁም›› አለ፤ ያም ወዲያው ጠፋ። ሳሙኤልም በሕፃንነቱ ድምፁን ሦስት ጊዜ የዔሊ መስሎት ወደ ሽማግሌው ሮጧል፤ ማን እንደጠራው የተረዳው የሰማው ልጅ ሳይሆን ያልሰማው ዔሊ ነበር። ልምድ ያለው፣ ከነገሩ ጥቅም የማያገኝ ሁለተኛ ሰው ማማከር ጥንታዊ ልማድ ነው።

ብዙዎች የሚመኩበት ‹‹ፍሬውን ተመልከት›› የሚለው ሚዛን ነው። ጥሩ ሚዛን ነው፤ የሚመዝነውን ግን እንወቅ። ሰካራሙ ራእይ አይቶ መጠጥ ቢያቆም፣ ቤቱ ቢቃና፣ ገጠመኙ ለእርሱ መልካም እንደነበር ተረጋግጧል። ስላየው ነገር እውነተኛነት ግን የምናውቀው ጥቂት ነው፤ እርስ በርሳቸው በሚቃረኑ እምነቶች ውስጥ ሰካራሞች መጠጥ አቁመዋልና።

በምን ላይ ይዋል?

የመጨረሻው ሥራ ማስረጃውን ከውሳኔው ጋር ማመዛዘን ነው። በልብ የተሰማ ሰላም ጸሎትን ለመቀጠል፣ የተጣሉትን ለመታረቅ፣ ለተራበ ለመስጠት ይበቃል፤ ተሳስተንም ቢሆን የሚጎዳ የለም። ቤት ለመሸጥ፣ ትዳር ለማፍረስ፣ ሰውን ለመክሰስ ግን አይበቃም።

በተለይ በሽታ ላይ ጥንቃቄው ከባድ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በእንጦጦና በሌሎችም የጠበል ቦታዎች ‹‹ድኛለሁ›› ብለው መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎች ነበሩ። የሰውነት መቅለል፣ የምግብ ፍላጎት መመለስ፣ የልብ ደስታ እውነተኛ ናቸው፤ ነገር ግን ቫይረሱ በደም ውስጥ ሳለም ይመጣሉ፣ ብዙ ጊዜም ያመጣቸው መድኃኒቱ ነው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ ተመልሶ ይበዛል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ማጀቱ ላቦራቶሪ ነው፤ ሐኪም ሳያውቅ አንድ ክኒን አይቋረጥ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ መክረዋል፤ ምእመን ነኝ የሚል ሰው መድኃኒት መዋጡን እንደ ጥርጣሬ የሚቆጥርበት ምክንያት የለም።

የአክስቴ ደብተር አሁን ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ደብተር ውስጥ ከጥርሶቹ ሌላ አንድ ገጽ አለ፤ በግንቦት ወር፣ ልጇ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ በበር ቆማ ‹‹እማዬ፣ ሻንጣዬን አሰርሁ›› ስትላት እንዳየች ጽፋለች። ልጅቷ ከአሥር ቀን በኋላ ለማንም ሳትነግር አገሯ ገባች፤ ቀሚሷ ግን ጥቁር ነበር። ይህን ከደረሰው ነው የምንቆጥረው ወይስ ካልደረሰው ብዬ ስጠይቃት አክስቴ ደብተሩን ተቀብላኝ ገጹን ብዙ አየችው። ከመስመሩ በላይ የጻፈችውን አንድ ቃል አልነካችም፤ ከመስመሩ በታች ያለውን ባዶ ትታ ደብተሩን ወደ ራስጌዋ መለሰችው።